ልጅ አለ

ከኋላዋ «ጆሮ» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷ ግን እትዬ ናት። «ጆሮ ጠቢ» ያላሏት ወሬ ስለማታቀብል ብቻ ነው። ምክር ቤቱ ውስጥ የሚነገረው ሁሉ በድምፅ ተቀድቶ ወደ እኛ ክፍል ይመጣል። እሷ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ በቀኝ እግሯ ፔዳሉን እየረገጠች ድምፁን ታስኬዳለች፣ ታቆማለች፣ ትመልሳለች፤ በአሥር ጣቷ ደግሞ ትጽፋለች። እኔ አራሚ ነኝ። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ የጻፈችውን ከድምፁ ጋር አመሳክራለሁ። አመሳክራለሁ ስል ለዚያ ደመወዝ ይከፈለኛል ማለቴ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያገኘሁባት ስህተት የአንድ እጅ ጣት አይሞላም፤ ከእነሱም ሁለቱ ኋላ ላይ የእኔው ስህተት ሆነው ተገኝተዋል።

ይህን የምለው ላሞግሳት አይደለም። የሰው እንከን ስለቅም የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ማሞገስ አይሆንልኝም። ግን አንድ አባል ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ ማን እንደሆነ ትለያለች። «እኚህ ሰውዬ ጥርሳቸውን አስነቅለዋል» ትላለች ድንገት፣ ከማዳመጫዋ ሥር። በማግስቱ ሰውየው አንድ ጉንጫቸው አብጦ ኮሪደሩ ላይ እናገኛቸዋለን።

የክፍላችን ሕግ ቀላል ነው። የተሰማ ይጻፋል፣ ያልተሰማ አይጻፍም። አባላቱ ሲስቁ በቅንፍ «ቤቱ ሳቀ» ይባላል፤ ሲያጨበጭቡ «ቤቱ አጨበጨበ»፤ ዝም ሲሉም «ቤቱ ጸጥ አለ»። አንድ ጊዜ ጎረቤቴ አንድ ገጽ አንብቦ «ደሞ ቤት ይስቃል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝና ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። አሁን አሁን ጥያቄው አያስቀኝም።

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት «አንቱ አትበለኝ፣ አንቱታ ያስረጀኛል» ብላ ስለከለከለችኝ «አንቺ» እላታለሁ። ከዚያ ያለፈ ስለ ራሷ ትንፍሽ አትልም። ከወዲያ ከወዲህ ለቃቅሜ የማውቀው፣ ባሏ «መጣሁ» ብሎ ወጥቶ በዚያው እንደቀረ፣ አንዲት ሴት ልጅ እንደነበረቻትና ልጅቷም በሰባት ዓመቷ፣ እኔ ከመቀጠሬ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እንደሞተች ነው። ከእናቷ በወረሰችው ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ከጀርባ ያለችውን የልጅቷን ትንሽ ክፍል አከራዪያት ብሎ ያልመከራት ሰው የለም። ሁሉንም በደንብ አዳምጣ፣ አመስግና፣ ክፍሏን እንደቆለፈች ኖረች።

ምክር ቤቱ ሁለት ከባድ ጉዳዮችን በአንድ ቀን የያዘው በዚህ መሐል ነው። ጠዋት የሕገ መንግሥቱን የሕፃናት መብት አንቀጽ ማሻሻል፤ ከሰዓት በኋላ አዲሱ የንብረት ግብር። በማሻሻያው መሠረት ማንኛውም ሕፃን እሱን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ የመደመጥ መብት ይኖረዋል። በግብሩ መሠረት ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ተለክቶ፣ ተገምቶ፣ ባለቤቱ በየዓመቱ ይከፍላል።

እትዬን ያንገበገባት የከሰዓቱ ነው። በሯ ፊት ያለው መንገድ ሰፍቶ፣ ማዶ ላይ ሆቴል ተሠርቶ፣ ያቺ የእናቷ ጎጆ ሳታስበው የባለጸጋ ቤት ተብላ ተገምታለች። ሕጉ ገና ሳይጸድቅ፣ ቤቱም ሳይለካ፣ በሰፈር ደረጃ የተሠራው የመጀመሪያው ግምት የደረሳት ቀን ወረቀቱን በአራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «እንግዲህ ልሸጠው ነው» አለች። የአንድን አባል ንግግር መልሳ የምታነብ ነው የምትመስለው። አንጀቴን በላችው። ሻጭ ሆና ቁልፍ ስታስረክብ ያቺን የጀርባ ክፍል ባዕድ ሰው እንደሚከፍታት ሁለታችንም እናውቃለን።

የጠዋቱና የከሰዓቱ ጉዳይ የተቀላቀሉት አንዲት አባል ተነስተው «ጣራ የሌለው ልጅ የምን መብት አለው? ልጅ ያለበት ቤት ከግብር ነፃ ይሁን» ባሉ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ገበያ ሆነ። ልጅ የሚባለው ማን ነው የሚል ክርክር ተነሳ። አንድ ሽማግሌ አባል «እኔም የእናቴ ልጅ ነኝ፣ የእኔም ቤት ነፃ ይሁንልኝ» አሉ። ቤቱ ሳቀ። ዕድሜው ተወስኖ፣ ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ በመጨረሻ ኮሚቴው ያመጣው አባባል «ልጅ አለ በተባለበት ቤት ላይ ግብር አይጣልም» የሚል ሆነ።

እዚህ ላይ እንደ አራሚ ሙያዊ አስተያየት ሰጥቼ ነበር። «አለ» የምትለዋን ቃል «ለ»ን አጥብቀን ካነበብናት መኖር ናት፤ አላልተን ካነበብናት መናገር ናት። «ልጅ አለ» ማለት ልጅ ይኖራል ማለትም፣ ልጅ ተናገረ ማለትም ይሆናል። በጽሑፍ አይለይም፤ ሕግ ደግሞ በጽሑፍ ነው። ማስታወሻዬን ወደ ላይ ላክሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።

የዚያን ቀን ድምፅ በማግስቱ ስናመሳክር ነው እንግዲህ የሆነው። አንድ ተቃዋሚ አባል በንግግራቸው መሐል «ለመሆኑ ገማቹ በር ላይ ቆሞ ‹ልጅ አለ?› ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት ማን ነው?» ብለው ቆም አሉ። አራት ሰከንድ ያህል ዝምታ አለ። በዝምታው ውስጥ፣ ከማይክሮፎኑ ቅርብ ሆና፣ አንዲት ትንሽ ልጅ «አለሁ» አለች።

የእትዬን ገጽ አየሁ። ምንም የለም። ከአባሉ ጥያቄ በቀጥታ ወደ አፈ ጉባኤው አልፋለች።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቃል ስታሳልፍ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። አልዋሽም፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ማዳመጫዬን አውልቄ «እትዬ፣ ዛሬስ ተያዝሽ» አልኳት። ቦታውን ነገርኳት። መልሳ አዳመጠች። ደግማ አዳመጠች። በሦስተኛው ፔዳሉን ለቀቀችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ዝም ነው የሚለው» አለች።

«ኧረ ቁልጭ ብሎ ይሰማል! የልጅ ድምፅ እኮ ነው።»

«እንግዲህ ያልሰማሁትን አልጽፍም። አንተ ከሰማህ አንተ ጻፈው።»

አልጻፍኩም። የመቀመጫ ቁጥር የሌለው ሰው ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አንዱ አባል ልጁን ይዞ ገብቶ ይሆናል ብዬም የአዳራሹን በር ጠባቂ ጠየቅሁት። «በዚያ ቀን መታወቂያ ሳያሳይ የገባው የጥበቃው ውሻ ብቻ ነው» አለኝ። ወደ ክፍሌ ተመለስኩና ያንን ቦታ ሌላ ጊዜ ላልከፍተው ዘጋሁት። የልጅቷን ድምፅ ግን ከጆሮዬ ማውጣት አልቻልኩም። ስሟ ሲጠራ ከሌላ ክፍል እንደምትመልስ ልጅ ነበር ድምፅዋ፤ ጨዋታዋን ሳታቋርጥ።

ሕጉ ጸደቀ፣ ገማቾቹም ወጡ። ቤቱ ሲለካ ቤተሰብ ያልሆነ አንድ ምስክር መገኘት ስላለበት እትዬ እኔን ለመነችኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ቤቷን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ ላይ የተደረደሩ አሮጌ መዝገበ ቃላት። ግድግዳው ላይ ሰዓት የለም። ሰዓት ካለ ድምፁን መቁጠር ስለማትተው አውጥታዋለች። ከሳሎኑ መኝታ ቤቷ ይቀጥላል፤ ከዚያ አጭር መተላለፊያ፤ መተላለፊያው መጨረሻ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተቀባ በር።

ገማቹ ትንፋሹ የሚያጥረው ወፍራም ሰውዬ ነበር። ደረጃዋን ወጥቶ ላቡን እየጠረገ «ቤት ስንለካ እኛ ነን የምናልቀው» እያለ ይቀልዳል። ሳሎኑን ለካ፣ መኝታ ቤቱን ለካ። እትዬ «የለም» የምትለዋን ቃል አፏ ላይ አዘጋጅታ እንደተቀመጠች ፊቷ ላይ አነብ ነበር። ውሸት የማታውቅ ሴት ናት። ሲጠይቃት «ልጅ የለም» ትላለች፣ ቤቱም ይሸጣል፣ አለቀ። የጀርባውን ክፍል ቁልፍ ሰጠችው እንጂ አብራው አልገባችም። የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ እያጠፈች እየዘረጋች ቀረች።

ሰማያዊው በር ተከፈተ። የሜትሩ ብረት ሲተረተር ተሰማ። ከዚያ ገማቹ ለስለስ ባለ ድምፅ «የኔ እናት፣ እስቲ ይህችን ጫፏን ያዢልኝ» አለ።

ለራሱ ነው የሚያወራው፣ ብቻውን መሥራት የለመደ ሰው ያወራል፣ አልኩ። ሜትሩ ተወጠረ። ከወዲያኛው ጫፍ ያች ትንሽ ድምፅ ቁጥር አነበበችለት፤ አራት ብላ ስታበቃ «ከሩብ» ብላ ጨመረች። ሰውየው «ጎበዝ» አላት።

እትዬን አየኋት። የጠረጴዛውን ልብስ ታጥፋለች። የመኪና ጎማ ሲተነፍስ ከሦስት ሰፈር ማዶ የምትሰማው ሴት፣ በራሷ ቤት፣ በአሥር እርምጃ ርቀት ይህን አልሰማችም።

ገማቹ ወጥቶ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና መጻፍ ጀመረ። ምስክር ስለሆንኩ ከጎኑ ቆሜ አነባለሁ። «ልጅ አለ» ከሚለው መስመር ፊት ያለችው ባዶ ቦታ ምልክት የሚደረግባት ናት፤ ኖረ አልኖረ ተብሎ። እሱ ግን ምልክት አላደረገም። በደንብ በተቀረጸ እጅ ጽሑፍ «አለሁ» ብሎ ጻፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ልጅ አለ ይላላ» አለ «ለ»ን እያላላ። «ልጅ ያለውን ጻፉ ነው። አዲሱ ሕግ ልጅ ይደመጥ አይደል የሚለው? ‹አለሽ ወይ?› ብዬ ብጠይቃት ‹አለሁ› አለችኝ፣ ጻፍኩ። አጠፋሁ?»

ላይ ያሉት ንቀውት የቀረ ማስታወሻዬ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ፊቴ ተዘረጋ። ቅጹን እትዬ አነሳችው። ያችን አንዲት ቃል ስታነብ ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ጣቷን ከቃሉ ሥር አደረገች፣ ስህተት ስታገኝ እንደምታደርገው። ትሰርዘዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ከሰረዘችው ቤቱ ይሄዳል፤ ከተወችው ደግሞ ያልሰማችውን ቃል ፈርማ ታስተላልፋለች፤ ያን ደግሞ በሕይወቷ አድርጋ አታውቅም።

«ደረጃ ላይ ደክመዋል፣ ውሃ ልስጥዎት?» አለችው ገማቹን። ከዚያ ፈረመች። እኔም ፈረምኩ።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ወደ በሩ እያየች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ነገረችኝ። ልጅቷ ትኩሳት ይዟት ተኝታ ነበር። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ፣ ለቀቅ ያደርጋታል ብሎ ነበር። የዚያን ቀን ምክር ቤቱ አስቸኳይ ቃለ ጉባኤ ስለፈለገ ሥራዋን ወደ ቤት ይዛ መጣች። ማዳመጫዋን አደረገች። አምስት ሰዓት ሙሉ ጻፈች፤ አንድ ቃል ሳታሳልፍ። ስትጨርስ ማዳመጫዋን አወለቀች፤ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር።

«ስትጠራኝ ነበር» አለች። «ጎረቤቶቼ በግድግዳው በኩል ሰምተዋታል። ‹እናትየዋ አለች› ብለው ተዉት።»

ጆሮ የሚለውን የቢሮ ስም ያወጣሁት እኔ ባልሆንም በዚያ ስም ስጠራት ኖሬያለሁ። አፈርኩ።

ደብዳቤው ሳምንት ሳይሞላ መጣ። የጠዋቱ ሕግ የከሰዓቱን ሕግ ተከትሎ ደረሰ ማለት ነው። ከግብር ነፃ በሆነ ቤት ውስጥ አለ የተባለ ልጅ ሁሉ በባለሙያ በአካል መደመጥ አለበት። «ልጅቷን ለማድመጥ እንመጣለን» ይላል፤ ቀንና ሰዓት አለው። እትዬ ደብዳቤውን አሳየችኝ። ሐሰተኛ ቃል ያስያዘ ሰው ቤቱንም ራሱንም ያጣል። የእኔም ፊርማ አለበት፤ ስለራሴ አልፈራሁም ብል ዋሾ ነኝ። እሷን ያስፈራት ግን እስር ቤቱ እንዳልሆነ ኋላ ገባኝ። እሷን ያስፈራት አንድ ሰው ገብቶ፣ ፈልጎ፣ «ማንም የለም» ብሎ እንዳይወጣ ነው።

ባለሙያዋ ማክሰኞ ጠዋት መጣች። መነጽር ያደረገች፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ብዙ ቤት አንኳኩታ የተሰላቸች ሴት። የቀረበላትን ሻይ ሳትነካ «ክፍሏ የት ነው?» አለች። እትዬ ወደ ሰማያዊው በር ጠቆመች። ባለሙያዋ በሩን በጣቷ ኳኳ አድርጋ «መግባት ይቻላል?» ብላ ጠየቀች፤ ጥቂት ጠበቀች፤ ገባችና በሩን መለሰችው።

እኔና እትዬ ሳሎን ተቀመጥን። ከውስጥ ሁለት ድምፅ ይሰማኛል። የባለሙያዋ ዝቅ ያለ ነው። የልጅቷ ግን አንዳንዴ ፈጠን፣ አንዳንዴ ቆም ይላል፤ አንድ ጊዜ አሳላት። ጠረጴዛው ላይ አፈጠጥኩ።

«ማንን ነው የምታናግረው?» አለችኝ እትዬ።

የባለሙያዋን ሻይ ወደ ዳር ገፋሁት።

«የሷ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማኝ» አለች። «ትጠይቅና ዝም ትላለች። ትጠይቅና ዝም ትላለች። አንተ ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ» አልኳት። ከዚህ በላይ መካድ አልቻልኩም።

ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ባላየሁት እመርጣለሁ። ፈርታ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። የቀናች ነበር የምትመስለው።

ባለሙያዋ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወጣች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤ ሌላ ምንም አልተለወጠባትም። ቅጿን እያየች ልጅቷ ንጹሕ ክፍል እንዳላት፣ ጨዋ እንደሆነች፣ ትንሽ እንደሚያስላትና ሐኪም ቢያያት ጥሩ እንደሆነ ተናገረች። ቤቱ ነፃ እንደሚሆንም እግረ መንገዷን አነሳች። እትዬ ለቤቱ ጉዳይ ጆሮም አልሰጠችው።

«ሕጉ ልጅቷ የተናገረችውን በራሷ ቃል እንዳነብልዎት ያዛል» አለች ባለሙያዋ፤ አነበበችም። «‹እማዬን እጠራታለሁ። ሰው ሁሉ ይሰማኛል፣ እሷ ግን አትሰማኝም።›» ቅጹን ዝቅ አድርጋ በወቀሳ ዓይን አየቻት። «ምነው እመቤቴ? ሥራ ይበዛብዎታል?»

እትዬ ስትነሳ ወንበሯ ወደ ኋላ ወደቀ። መተላለፊያውን በሦስት እርምጃ አለፈችው። ተከትለናት በሩ ላይ ቆምን። ክፍሏ ውስጥ የተነጠፈ ትንሽ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ መስኮቱ ላይ የጠዋት ፀሐይ አለ። ለዓይኔ ማንም የለም። እትዬ ወለሉ ላይ፣ አልጋው ሥር ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ሰጥታናለች። ያኔ ድምፁ ከአልጋው በኩል መጣ፤ አጠገቤ ያለ ያህል ሰማሁት። ባለሙያዋም ሰምታ ብዕሯን አነሳች።

«ምን አለች?» አለችኝ እትዬ ሳትዞር። ልመና ነበር።

እሷን ሳርም የኖርኩ ሰው ቃሉን አላዛባሁባትም። «‹መጣሽ?› ነው ያለችሽ፣ እትዬ።»

ትከሻዋ ወረደ። «መጣሁ፣ የኔ እናት» አለች። «በጣም ቆየሁብሽ፣ አይደል?»

ሁላችንም መልሱን ጠበቅን። ምንም አልተሰማኝም። የምነግራት ነገር ፈልጌ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ስል እትዬ እጇን አንስታ ባለህበት አለችኝ። አንገቷን ወደ አልጋው ዘንበል አደረገች። ቆየት ብላ ራሷን ነቀነቀች። እንደገና ነቀነቀች፤ ከዚያ በእጇ አፏን ሸፍና ሳቀች።

«ምን እያለቻት ነው?» ባለሙያዋ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ይጠብቃል።

«አልሰማሁም» አልኳት። «አንቺስ?»

እሷም አልሰማችም። ቅጿን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ወደ ሳሎን ተመልሰን የወደቀውን ወንበር አነሳን። ከጀርባው ክፍል የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ይመጣል፤ ይጠይቃል፣ ዝም ይላል፣ ይመልሳል። ልጅቷን ከዚያን ቀን ወዲህ ሰምቻት አላውቅም።